የአስታ በር ሕልሞች

የበቅሎዋ ኮቴ በውርጭ የደረቀውን መሬት እየቀጠቀጠ የጓሳን አፋፍ ሲያልፍ ፀሐይ ገና ከጉሙ አልወጣችም ነበር። ጋሽ ጫኔ የአባታቸውን ጥቁር በርኖስ እስከ አፍንጫቸው ስበው ወደ መሐል ሜዳ ይገሰግሳሉ። ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ በቅሎዋም በበቅሎ ዕድሜ ከሳቸው አታንስም። ከኋላ በፈረስ የምትከተላቸው ማዕረግ ደግሞ ከአስታ በር ከተነሡ ጀምሮ አፏን አልዘጋችም።

«በጉ ባርኔጣ አድርጓል አሉኝ እኮ ጋሼ! ያውም የአማቴን ባርኔጣ!»

«ሰምቻለሁ።»

«እኔ ደግሞ መቀስ ይዤ እሸልተዋለሁ አሉ። በመሐል ሜዳ ሕዝብ ፊት!»

«ሰምቻለሁ አልኩሽ። አስታ በር ውስጥ ይህን ያልሰማ ጭላዳው ብቻ ነው።»

«እሱም ሰምቷል» አለች ማዕረግ፤ ገደሉ አፍ ላይ ፀሐይ የሚጠብቀውን የጭላዳ መንጋ በአገጯ እያሳየች። «እንዴት እንደሚያየኝ አይታይዎትም?»

ጋሽ ጫኔ በሌላ ቀን ቢሆን ይስቁ ነበር። ዛሬ ግን በቅሎዋን በእግራቸው ጎሰም አደረጓት። ሃምሳ ዓመት የኖሩበት ስም ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ይወድቃል ወይም ይተርፋል፤ ይህን ከሳቸው የበለጠ የሚያውቅ የለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጋሽ ጫኔ ሕልም ፈቺ ናቸው። በአስታ በር ሕልም ያየ ሰው ውሃ ሳይቀምስ፣ ጎሕ ሲቀድ መጥቶ ከደጃፋቸው ድንጋይ ላይ ይቀመጣል። «ለበጎ ያድርገው፣ ተናገር» ይሉታል። ይናገራል። ሕልሙ ደግ ከሆነ ፍቺውን ይነግሩታል። ክፉ ከሆነ ግን «እግዚአብሔር ያውቃል» ብቻ ይላሉ። ሌላ ቃል አይጨምሩም። እነዚያን ሁለት ቃላት የሰማ ሰው ተነሥቶ ይሄዳል፤ ንስሐ አባቱን ይጠራል፣ ከዘመድ ይታረቃል፣ ለነዳያን ይሰጣል። ጋሽ ጫኔ ክፉውን በደግ እንደማይለውጡ አገር ስለሚያውቅ፣ ደግ ያሉት ሁሉ ደግ ተብሎ ይታመናል። ሙያው ከአባታቸው የወረሱት ነው። አባታቸው በራስና በደጃዝማች ዘመን ከአንድ ደጃዝማች ድንኳን ሳይለዩ ኖረዋል፤ በጠላት ጊዜም አርበኞች ወደ ዘመቻ ሲወርዱ ሌሊት ያዩትን ለሳቸው ሳይነግሩ ጠመንጃ አያነሡም ነበር ይባላል። ለልጃቸው ያወረሱት ሁለት ሕግ ነው፦ የሰማኸውን አታውጣ፣ ያየኸውን አትዋሽ።

አሁን የመጀመሪያው ሕግ ፈርሷል። ያፈረሰችው ደግሞ በጋሽ ጫኔ ቤት ያደገችው ጽናት ናት። እናቷ ተሾመች ጎረቤታቸው ነበረች፤ ልጅቷ ዘጠኝ ዓመት ሲሆናት ሞተች፣ ጋሽ ጫኔና ባለቤታቸው ወስደው አሳደጓት፤ አባባና እማማ ትላቸዋለች። በየማለዳው ከበሩ ጀርባ ተቀምጣ ሱፍ ስታባዝት፣ ደጃፍ ላይ የሚነገረው ሁሉ በጆሮዋ ያልፍ ነበር። ልጅ ናት፣ ምን ትሰማለች ብለው ተዋት። ሰምታ ኖሯል። አድጋ አዲስ አበባ ሥዕል ተማረች፤ ዘንድሮ፣ በ2011 ዓ.ም. ጥር ላይ፣ የአስታ በርን ሰው ሕልም በዘጠኝ ሸራ ሥላ በመሐል ሜዳ አዳራሽ ሰቀለችው።

ቅዳሜ ዕለት ከገበያ የመጣ ነጋዴ በስልኩ አሳያቸው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰው ከጥዱ ሥር ተሰበሰበ። የማዕረግ ባል ኃይለ ኢየሱስ ተነሣ። የግራዝማች ልጅ ነው፤ ግራዝማችነቱ ከንጉሡ ጋር ካለፈ አርባ አራት ዓመት ቢሆነውም፣ እሱ ግን የአባቱን ባርኔጣ አድርጎ ሲቆም ሹመቱ ዛሬ ጧት የደረሰው ይመስላል።

«ጫኔ፣ አደራ በልተሃል» አለ። «ሚስቴ አሥራ አምስት ዓመት የደበቀችኝን ሕልም በሰው ስልክ አየሁት። ማክሰኞ ስምንት ሰዓት ላይ እንግዳ ሳይገባ እነዚያ ሥዕሎች ከወረዱ ወረዱ። ካልወረዱ በአስታ በር ደጃፍህን የሚረግጥ ሰው አይኖርም።»

የተቃወመ አልነበረም። ማዕረግ ግን ማክሰኞ ንጋት ላይ ፈረስ ጭና ከበሩ ጠበቀቻቸው። «ለማውረድ እጅ ላግዝዎ ብዬ ነው» አለች። ጋሽ ጫኔ ፊቷን አዩና አላመኗትም። ሳይወርድ ለማየት እንደቸኮለች ያስታውቅባት ነበር።

መሐል ሜዳ ሲደርሱ አራት ሰዓት ሆኗል። ወደ ደብረ ብርሃን የሚወጡት ሚኒባሶች እየጮኹ ሰው ይጠራሉ፤ በቅሎዋ ባጃጅ ባየች ቁጥር ጆሮዋን ትጥላለች። አዳራሹ በር ላይ ጽናት ቆማ ነበር። እጇ እስከ ክርኗ ቀለም ነው። ሮጣ መጥታ ጉልበታቸውን ሳመች፤ እሳቸው ግን እንደ ወትሮው ጎንበስ ብለው ግንባሯን አልሳሟትም።

«ለምን እንደመጡ አውቃለሁ አባባ» አለች። «ሕልሙ የርስዎ አደራ ነው። ሳልጠይቅዎ መሣሌ ጥፋት ነው፤ ብጠይቅዎ እምቢ እንደሚሉ ስለማውቅ ነው ያልጠየቅሁት። አውርጂ ካሉኝ እንግዳ ሳይገባ አወርዳለሁ። ግን መጀመሪያ ይዩዋቸው።»

«አይቼ ምን ላደርግ ነው?»

«አይተው ይዘዙኝ።»

ውስጥ አንድ ጠና ያለ ሰው መሰላል ላይ ወጥቶ ገመድ ያስራል። ጽናትን አዲስ አበባ ያስተማራት ታዲዮስ ነው፤ ዐውደ ርእዩን ለማገዝ መጥቷል። ወርዶ እጅ ነሣቸው። ጋሽ ጫኔ አጸፋውን መልሰው ወደ መጀመሪያው ሸራ ዞሩ።

ውሃ የሞላበት ቤተ ክርስቲያን ነው። ቅኔ ማሕሌቱ ውስጥ ዓሦች በጅራታቸው ቆመው፣ መቋሚያቸውን ተደግፈው፣ ጸናጽላቸውን አንሥተው ይዘምራሉ። ከመካከላቸው አንድ ራሱ ላይ ጥምጥም ያደረገ ትልቅ ዓሣ ዓይኑን ጨፍኖ ዜማውን ይመራል። ጋሽ ጫኔ ሳያስቡት ሳቅ አመለጣቸው። ዓሣው መሪጌታ መርስዔ ኃዘን ነው! ነፍሳቸውን ይማር፣ ከሞቱ ስድስት ዓመታቸው ነው፤ ይህን ሕልም ሊናገሩ ሲመጡ እግራቸው በጭቃ ተለውሶ ነበር። አገጫቸው ወደ ላይ ቀና ማለቱ፣ ዜማው ከፍ ሲል ግራ ቅንድባቸው መነሣቱ ሁሉ እዚያ ዓሣ ላይ አለ።

«በዓሣ ፊት ላይ መሪጌታን እንዴት አገኘሻቸው ልጄ?»

«በሕልማቸው እንዳዩት ነው አባባ።»

ሁለተኛው ላይ አንድ ገበሬ በሬዎቹን ጠምዶ ደመና ያርሳል፤ ከትልሙ የሚወጣው ዝናብ ነው። «ላም አለኝ በሰማይ ማለት እንዲህ ነዋ!» አለች ማዕረግ። ሦስተኛው፣ አራተኛው እያለ ቀጠለ። ጋሽ ጫኔ በየሸራው ፊት ቆመው ሰዎቻቸውን አወቁ። ቁጣቸውን ፈለጉት፤ ከኮርቻው ጋር ከደጅ የቀረ ይመስል አጡት።

«ይህ ምን ዓይነት ሥዕል ነው?» ብለው ታዲዮስን ጠየቁት። «የቤተ ክርስቲያኑን አውቃለሁ። ጻድቁ በሁለት ዓይኑ ያይሃል፣ ኃጥኡ በአንድ ዓይን ዞሮ ነው የሚሣለው። እዚህ ግን ማን ጻድቅ፣ ማን ኃጥእ እንደሆነ አልለይ አለኝ።»

«ሱሪያሊዝም ይባላል አባባ። መነሻው ፓሪስ ነው፤ ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በኋላ። ሕክምና ይማር የነበረ አንድ ወጣት፣ በጦርነቱ አእምሯቸው የታወከ ወታደሮችን ያስታምም ነበር። ሲቃዡ ሲሰማ፣ ይህ እብደት ብቻ አይደለም፣ ሰው ነቅቶ ሳለ የማይደፍረው እውነት አለበት አለ። ቪየና ከተማ ደግሞ የሰው ሕልም እየሰማ የሚፈታ ሐኪም ነበር . . .»

«ሐኪም? ሕልም ይፈታል?»

«ይፈታል።»

«ውሃ ሳይቀመስ ነው ወይስ ከቁርስ በኋላ?»

ታዲዮስ ሃያ ዓመት ሲያስተምር ይህን የጠየቀው ተማሪ አልነበረም። «በቀጠሮ ነው አባባ።»

«ኧረ ወዲያ! በቀጠሮ የተነገረ ሕልም ምን ጣዕም አለው?» አሉ ጋሽ ጫኔ፤ ግን ወደ ሰውዬው ጠጋ አሉ። «እሺ፣ ቀጥል።»

«ወጣቱ የሐኪሙን ሐሳብ ይዞ ባለቅኔና ሠዓሊ ጓደኞቹን ሰበሰበ። ሕልማቸውን ይነጋገራሉ፤ እጃቸው እንደመራቸው ሳያርሙ ይጽፋሉ። ወረቀት አጥፈው አንዱ ራስ ይሥላል፣ ሁለተኛው የፊተኛውን ሳያይ ደረት ይሥላል፣ ሦስተኛው እግር። ሲገልጡት ማንም ያላሰበው ፍጡር ይወጣል። በእኛ አቆጣጠር በ1917 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ዓላማችን ይህ ነው ብለው በጽሑፍ ለዓለም አወጁ።»

«በ1917?» ጋሽ ጫኔ በጣታቸው ቆጠሩ። «አባቴ ያኔ ደጃዝማቹ ድንኳን ውስጥ ሕልም መፍታት ከጀመሩ ቆይተዋል። ፈረንጅ ዘግይቶ ነቅቷል በለኛ!»

ታዲዮስ ከልቡ ሳቀ። «እኔም ጽናት ስለርስዎ ስትነግረኝ ይህንኑ ነው ያልኩት። ነገር ግን የነሱ ጉልበት ሕልሙን ማየት ላይ አልነበረም፤ እንደ እውን አጥርተው መሣላቸው ላይ ነው። አንዱ ሰዓትን እንደ ቅቤ አቅልጦ ሣለው። ሌላው ሰማዩን ቀትር፣ ከሥሩ ያለውን ቤት ሌሊት አደረገው። ሴቶችም ገቡበት፤ ባሎቻቸው ያላዩትን ሁሉ አዩ። ከዚያ ፊልሙ፣ የመጽሐፉ ሽፋን፣ ማስታወቂያው ሳይቀር ከነሱ ቀዳ። ሜክሲኮ ደረሰ፣ ግብፅ ደረሰ። በንጉሡ ዘመን ፓሪስ ለትምህርት የሄዱ የእኛ ልጆችም እዚያ አገኙት፤ የደብተራው ጠልሰም ትዝ አላቸው፣ ሁለቱን አጋብተው ይዘው መጡ። አባባ፣ አንደኛ ዓመት ላይ እነዚያን ሥዕሎች በክፍል ሳሳይ ተማሪው ሁሉ ሳቀ። አንዲት ልጅ ብቻ አለቀሰች።»

«እኔ ነኝ» አለች ጽናት። «የርስዎ ደጃፍ ነው የመሰለኝ።»

ጋሽ ጫኔ ደስ አላቸው፤ ደስታው አስፈራቸው። «ይሁን» አሉ። «ሕልሙን ከሣሉት በኋላስ ማን ይፈታዋል?»

«ማንም አይፈታውም፤ እንዳለ ይተዉታል» አለ ታዲዮስ።

«ሳይፈታ? ግድግዳ ላይ?»

«እነሱ ይተዉታል» አለች ጽናት ፈጥና። «እኔ ግን ከርስዎ ጋር ነው ያደግሁት። የመሪጌታን ውሃ ምሕረት ነው ብለዋቸው ነበር፤ ስለዚህ ብርሃኑን ከውሃው ውስጥ አወጣሁት። እያንዳንዱ ሥዕል ላይ የርስዎ ፍቺ አለበት።»

በዚህ መሐል ማዕረግ ብቻዋን ወደ ጥግ ሄዳ ነበር። ሁሉም ዘወር ብለው ፈለጓት። የራሷ ሕልም ፊት ቆማለች። ወጣት ናት በሥዕሉ ላይ፤ ነጠላዋን አገልድማ፣ መቀስ ይዛ፣ ባርኔጣ ያደረገውን ትልቅ በግ ትሸልታለች። የሚወርደው ሱፍ አያልቅም፤ ወለሉን ሞልቶ፣ በበሩ ወጥቶ፣ ሜዳውን ሸፍኖ፣ ራቅ ሲል የጓሳ ጉም ሆኖ ተራራውን አልብሶታል። በጉ በኩራት ቀና ብሏል፤ መሸለቱን ከሹመት የቆጠረው ይመስላል።

«እኔ ነኝ» አለች ማዕረግ በቀስታ። «እንዲህ ቆንጆ ነበርኩ?»

«እናቴ፣ ነፍሷን ይማር፣ የማዕረግን ያህል ቆንጆ በዚህ አገር አልነበረም ትለኝ ነበር» አለች ጽናት።

ማዕረግ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። ከእንግዲህ ይህን ሥዕል ለማውረድ እጅ ማገዝ ቀርቶ፣ ሊያወርድ የሚመጣውን እንደምትናከስ ጋሽ ጫኔ አወቁ። ለኃይለ ኢየሱስ ምን እንደሚሉት በልባቸው ማሰላሰል ሲጀምሩ ዘጠነኛው ሸራ ፊት ደረሱ።

ሜዳ ላይ የቆመ ቤት ነው፤ የጓሳ ሣር ክዳኑ ተነሥቶ እንደ ትልቅ ወፍ ይበራል። ከቤቱ አንድ አልጋ ወጥቶ በአራት እግሩ ሜዳውን ይሻገራል። አልጋው ላይ አንዲት ሴት በባና ተጠቅልላ ተኝታለች፣ ፊቷ ወደ ሰማይ ነው። ከአልጋው አንደኛው እግር ሥር ጥቁር በርኖስ የለበሰ ሰው አልጋውን በትከሻው ተሸክሟል። አፉ ይስቃል። ዓይኑ ያለቅሳል።

«ይቺስ የማን ናት?» አለች ማዕረግ ከኋላቸው።

ጽናት ለማዕረግ አልመለሰችም። ለሳቸው ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣ «ይቺን አሁኑኑ አወርዳታለሁ አባባ» አለች። «ሌሎቹ ይቅሩ ቢሉም ይቺን አወርዳታለሁ። ከእኛ ቤት በቀር ምን እንደሆነች የሚያውቅ የለም።»

እውነቷን ነበር። ቢያንስ ሥዕሉ ቢወርድ ሌላ ሰው አያውቅም። ስምንቱ ሥዕሎች ያወጡት የሰውን ምሥጢር ነው፤ እሱን ይቅርታ ጠይቆ፣ እግር ላይ ወድቆ ማለፍ ይቻላል። ዘጠነኛው የሚያወጣው ግን የሳቸውን ነው። አባታቸው፣ ድንኳኑ፣ ሃምሳ ዓመት ደጃፍ ላይ የተቀመጠው ሰው ሁሉ በሐሳባቸው አለፈ።

«የተሾመች ናት» አሉ በመጨረሻ፣ ጮክ ብለው።

«የተሾመች! ምን ብለው ፈትተውላት ነበር?»

«አልጋ ሹመት ነው፣ ልጅሽ ትከብራለች አልኳት። የጣራው መነሣት ልጅሽ ሰማዩን ታያለች፣ ስሟ በሩቅ ይጠራል ነው አልኳት።»

«ታዲያ ደረሰ እኮ! ይኸው ልጅቱ . . .»

«ቆይ ማዕረግ። አልጋው ቃሬዛ ነበር። እኔ ያየሁት ቃሬዛ ነው። እግዚአብሔር ያውቃል ማለት ነበረብኝ፤ አላልኩም። ልጇን አቅፋ ነበር የተቀመጠችው፣ አፌ እምቢ አለኝ። ዋሸኋት።»

ታዲዮስ ገመዱን እንደያዘ ቀረ። ማዕረግ፣ አንዴ የዋሹ ስንቴ ዋሽተው ይሆን ብላ አሰበች፤ ፊቷ ላይ ይነበብ ነበር።

«የኔንስ ጋሼ?» አለች። «ቤትሽ በረከት አይጎድልበትም ብለውኝ ነበር። እሱስ እውነት ነበር?»

ከዋሹ አይቀር አንድ ጊዜ መጨመር ቀላል ነበር። ጋሽ ጫኔ ግን ደክሟቸዋል። «ያንቺ እንኳ ከመጀመሪያውም ምንም አልገባኝም ነበር» አሉ።

ማዕረግ አፏን ከፍታ አየቻቸው። ከዚያ ሳቋ መጣ፤ ሆዷን ይዛ ግድግዳ እስክትደገፍ ድረስ ሳቀች። «አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ! አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ በረከቱን በር በሩን ሳይ!» ሳቋ ሲያልቅ ግን ተሾመችን አየች። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ወደ ደጅ ወጣች።

ጋሽ ጫኔ ወደ ጽናት ዞሩ። «አንቺ መቼ አወቅሽ?»

«የዚያኑ ቀን። ማታ ለእማማ፣ ይቺ ሴት ዓመቱን አትዘልቅም አሏቸው። እናቴ እናንተ ቤት አሳድራኝ ነበር፤ ባናው ውስጥ ነቅቼ ነበር።»

«አሥራ ስምንት ዓመት!»

«ብዙውን ጊዜ ጠልቼዎት ነበር አባባ። በእጅዎ እየበላሁ እጠላዎት ነበር።» ቀለም የነካውን እጇን በቀሚሷ ጠረገች። «ኋላ ሥዕሉን ስጀምር እናቴን ማስታወስ ነበረብኝ። ሳስታውሳት ትዘፍናለች። ከደጃፍዎ ተነሥታ ከሄደችበት ቀን ጀምሮ እስክትሞት ሰባት ወር ነው፤ ሰባቱንም ወር ትዘፍናለች። ወገቧ ሲጎብጥ ደብተር ትገዛልኛለች። ስሜ በሩቅ ሲጠራ ከወዲሁ እንደምትሰማ ሁሉ ትስቅልኛለች። እርስዎ እውነቱን ነግረዋት ቢሆን የማስታውሰው ልቅሶዋን ነበር። ስለዚህ አልጋውን አሸከምኩዎት። ብቻዎን ነው የተሸከሟት።»

ጋሽ ጫኔ አለቀሱ። በበርኖሳቸው ለመሸፈን እንኳ አልሞከሩም። ሲረጋጉ ወደ ሸራው ቀረብ አሉና ጥቁር በርኖስ የለበሰውን ሰው ፊት በጣታቸው ሳይነኩ ተከተሉት።

«እኔ ሃምሳ ዓመት በጆሮዬ ብቻ ነው የሰማሁት» አሉ። «አንቺ ግን አየሽው። ሳቅና ልቅሶ በአንድ ፊት ላይ ሲሆኑ አንዱ ሌላውን ሳያጠፋው እንዴት አደረግሽ? እጅሽ ይባረክ። እኔም አባቴም ያልደረስንበት ነው።» ከዚያ ጎንበስ ብለው ጧት ያስቀሩትን ግንባሯን ሳሟት። «አንዱም አይወርድም።»

«አስታ በርስ?»

«እሱን ለእኔ ተዪው።»

ማዕረግ በመንገድ ላይ እንደ ጧቱ አልተናገረችም። ጓሳ ሲደርሱ ብቻ፣ «እኔ ለማንም አልናገርም ጋሼ፣ ሆዴ ይፍጀው» አለች። «አይፍጅሽ» አሏት። «እኔው እናገረዋለሁ።»

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከጥዱ ሥር ቆመው ተናገሩ። ሥዕሎቹ እንዳልወረዱ፣ እንደማይወርዱም። ሰው ሲያጉረመርም እጃቸውን አንሥተው ስለ ተሾመች ነገሩት፤ አንዲት ቃል አላስቀሩም። ማጉረምረሙ ቆመ። እያንዳንዱ ሰው በልቡ የገዛ ሕልሙን ፍቺ እንደገና እየመዘነ እንደሆነ ታያቸው። ኃይለ ኢየሱስ ባርኔጣውን አድርጎ፣ ሰላምታም ሳይሰጥ ሄደ። ሌላውም ተከተለው።

በማግሥቱ ማለዳ ጋሽ ጫኔ እንደ ልማዳቸው ደጃፋቸውን ከፍተው ተቀመጡ። ማንም አልመጣም። በሦስተኛው ቀን ባለቤታቸው «ውርጩ ይገድልዎታል፣ ይግቡ» አሏቸው፤ አልገቡም። ሳምንቱ አለፈ። መሐል ሜዳ አዳራሹ በሰው እንደተጨናነቀ፣ ከደብረ ብርሃን ሳይቀር ለማየት እንደሚመጡ ጽናት በስልክ ነገረቻቸው። ደስ አላቸው፤ ስልኩን ሲዘጉ ደግሞ ባዶው ድንጋይ ታያቸውና ከፋቸው። ሁለቱም ስሜት እውነት ነበር። ሰው ሕልም ማየት አይተው ነገር፣ የአስታ በር ሰው አሁን ወዴት ይዞት ይሄዳል ብለው ያዝኑ ነበር።

በአሥራ ሰባተኛው ቀን፣ ጎሕ ሲቀድ፣ ከአጥሩ በር አንድ ሰው ገባ። ባርኔጣውን ከሩቅ አወቁት። ኃይለ ኢየሱስ መጥቶ ከፊታቸው ቆመ፣ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ቅዳሜ ገበያ ወርጄ ነበር» አለ።

«እህ።»

«ማዕረግ ነዝንዛ ወሰደችኝ። አየሁት።»

«እና?»

ኃይለ ኢየሱስ ወደ ገደሉ አሻግሮ አየ። «በጉ ያምራል» አለ። «ባርኔጣውም በልኩ ነው።» ባርኔጣውን ነካ አደረገና ጨመረ። «ዛሬ ሌሊት ሕልም አየሁ።»

ጋሽ ጫኔ ድንጋዩን በእጃቸው ጠረጉለት። «ለበጎ ያድርገው! ተቀመጥ፣ ተናገር።»

«ላንተ አይደለም። ለልጅቱ ነው። ደውልልኝ።»

ወጋ አደረጋቸው፤ ቅናት ነበር፣ በዚህ ዕድሜያቸው። ያም ሆኖ ስልካቸውን ከኪሳቸው አወጡ፣ ቁጥሩን በአውራ ጣታቸው ቀስ ብለው ፈለጉ። «አባባ፣ ደኅና ነዎት?» የሚል በእንቅልፍ የተሸፈነ ድምፅ ሲሰማ ስልኩን ለኃይለ ኢየሱስ ሰጡትና ከዘራቸውን ይዘው ተነሡ። ለራስ ያልተነገረን የሰው ሕልም ቆሞ መስማት ነውር ነው።

«ወዴት ነው?» አለ ኃይለ ኢየሱስ።

«ከሷ ጋር ልተዋችሁ ብዬ።»

«ተቀመጥ። እሷ ትሣለው፣ አንተ ፍታው። ክፉ ከሆነ ግን እንዳትደብቀኝ ጫኔ። ሰባ ዓመቴ ነው፣ እችለዋለሁ።»

ጋሽ ጫኔ ተመልሰው ተቀመጡ። ኃይለ ኢየሱስ ባርኔጣውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አኖረና ከድንጋዩ ላይ ተቀምጦ ስልኩን ከአፉ ፊት እንደ ጠላ ሽክና በሁለት እጁ ያዘው።

«ልጄ፣ ትሰሚኛለሽ?» አለ። «አባቴ ቤት ነበርኩ . . .»